ገንዳው አስኬደኝ፣ ሳፋው አስቀመጠኝ፦ የቁርጭምጭሚቴ 20 ሳምንት

ትናንት ማታ ከአልጋዬ ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ደርሼ ተመለስኩ። ክራንቼን አልጋው ሥር ትቼው እንደሄድኩ የታወቀኝ ተመልሼ ልተኛ ስል ስረግጠው ነው። ቁርጭምጭሚታችሁ ተሰብሮ ብረት የገባላችሁ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። 20 ሳምንት ፈጅቶብኛል። ከዚህ ውስጥ ስምንቱን ከገንዳ ርቄ ነው ያሳለፍኩት፣ ያውም በራሴ ጥፋት። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ግማሹ ጉራ፣ ግማሹ ኑዛዜ ነው።

መጀመሪያውን በአጭሩ ልለፈው፤ አብዛኞቻችን ያለፍንበት ስለሆነ አዲስ ነገር የለውም። ደረጃ ስወርድ ወደቅኩ፤ ቁርጭምጭሚቴ በውስጥም በውጭም በኩል ተሰበረ፤ በውጭው በኩል ብረትና ብሎኖች ገቡ፤ ስድስት ሳምንት መሬት እንዳልረግጥ ታዘዝኩ። ጀሶው ሲወልቅ ባቴ የሕፃን ክንድ አክሎ ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት ፊዚዮቴራፒስቷ «ከነገ ጀምሮ ገንዳ ውስጥ ነን» አለችኝ። ዋና እንደማልችል ነገርኳት። «ማን ዋኚ አለሽ? ልትራመጂ እኮ ነው» አለች።

ውሃ ውስጥ ሰውነት እንደሚቀል ማንም ያውቃል፤ እኔን የማረከኝ ልኩ መታወቁ ነው። ጸጥ ብሎ የቆመ ሰው እስከ አንገቱ ከገባ እግሩ ላይ የሚያርፈው የክብደቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። እስከ ደረቱ ከሆነ ሲሶ ያህል፣ እስከ ዳሌው አጥንት ከሆነ ግማሽ። እኔ 72 ኪሎ ነኝ፤ አንገት ላይ 7፣ ደረት ላይ 24፣ ዳሌ ላይ 36 ኪሎ እንደማለት ነው። ሐኪሙ «ለጊዜው ሲሶ ክብደትሽን ብቻ ጣይበት» ብሎኝ ነበር። ይህን ቤት ውስጥ በሚዛን ሞክሬዋለሁ፦ የተጎዳውን እግር ሚዛኑ ላይ፣ ጤነኛውን ከጎኑ መሬት ላይ አድርጎ ቀስ እያሉ መጫን። ዓይኔ ቁጥሩ ላይ እስካለ 24 ላይ ይቆማል፤ ቀና ብዬ ስመለስ 40 ገብቷል። ገንዳ ውስጥ ግን የእኛ ሥራ ጥልቀቱን መምረጥ ብቻ ነው፤ ሚዛኑን ውሃው ይይዝልናል። ግን እወቁት፣ ቁጥሮቹ የቆመ ሰው ናቸው፤ ፈጠን ብለው ሲራመዱ ጫናው ይጨምራል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለተኛው ቀን ላይ እንደ ወታደር ስረማመድ ፊዚዮቴራፒስቷ ተቆጥታኛለች።

እብጠቱም እዚያው ይቀንሳል። የውሃ ግፊት ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ይጨምራል፤ 1.2 ሜትር ጥልቀት ላይ 88 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይደርሳል። ለእብጠት የሚታዘዙት ጥብቅ ካልሲዎች ብዙዎቹ የዚህን ግማሽ እንኳ አይጫኑም። ከገንዳ በፊትና በኋላ ቁርጭምጭሚቴን በሜትር እለካለሁ፤ ሜትሩን የ8 ቁጥር አስመስሎ በቁርጭምጭሚቱና በእግሩ መሐል ማዞር ነው። የመጀመሪያ ቀን 54 ሴንቲሜትር ገብቼ 53 ወጣሁ። ማታ ተመልሶ 54 ሆኗል፤ ቢሆንም ያቺ አንድ ሴንቲሜትር ለጥቂት ሰዓት ጫማ ታስገባኛለች። ማንም ያልነገረኝ ነገር ደግሞ አለ፦ ይኸው ግፊት የእግርን ደም ወደ ደረት ስለሚገፋው ኩላሊት ፈሳሽ የበዛ መስሏት ሥራ ትጀምራለች። ከመግባታችሁ በፊት ሽንት ቤት ሂዱ። ስትወጡም ትሄዳላችሁ።

ገንዳ ውስጥ ሰውን ስለሚያንሳፍፉት ቀበቶና ቱቦ የማስበውን ልናገርና ልለፍ፤ አልወዳቸውም። ጄምስ ማክሚላን የሚባል ሰው በ1949 ለንደን ውስጥ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ዋና ማስተማር ሲጀምር መንሳፈፊያ አልተጠቀመም፤ ሃሊዊክ የሚባለው ዘዴ ከዚያ የመጣ ነው። መጀመሪያ ትንፋሽን መቆጣጠር፣ ቀጥሎ ሰውነት ውሃ ውስጥ ሲዞር መልሶ ማቅናት፣ ከዚያ ሌላው። እኔም ፍርሃቴ የለቀቀኝ ፊዚዮቴራፒስቷ ቀበቶውን ፈትታ ፊቴን ውሃ ላይ እፍ እንድል ያደረገችኝ ቀን ነው። በመንሳፈፊያ ቀለበት ላይ በጀርባ አስተኝቶ የሚያሠራ ባድ ራጋዝ የሚባል የስዊዘርላንድ ዘዴም እንዳለ አውቃለሁ፤ የወገብና የዳሌ ችግር ላለበት ሊጠቅም ይችላል። ቁርጭምጭሚት ግን መርገጥ ነው የሚፈልገው፤ ተንሳፎ የሚረግጥ የለም።

አሁን ወደ ኑዛዜው።

ገንዳ ስጀምር ጠባሳዬ ታችኛው ጫፍ ላይ የክብሪት ጭንቅላት የምታህል ቅርፊት ነበረች። ፊዚዮቴራፒስቷ «ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ገጥሟል?» ብላ ጠይቃኛለች። «አዎ» አልኳት። ውሃ የማያስገባ ፕላስተር ለጥፌበት ስለነበር ውሸት አልመሰለኝም። ቁርጭምጭሚት ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ግን እግር በታጠፈ በተዘረጋ ቁጥር ጠርዙ ይላቀቃል። አራተኛው የገንዳ ቀን ላይ፣ በዘጠነኛው ሳምንት፣ ከገንዳው ስወጣ ፕላስተሩ እንደ ከረጢት ውሃ ቋጥሮ ነበር። ስገነጥለው ቅርፊቷ የለችም፤ በቦታዋ ቀዳዳ አለ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቀረሁና ራሴን ማከም ጀመርኩ። አንድ ሳፋ ሙቅ ውሃ፣ በእፍኝ ጨው፣ ጠዋት 20 ደቂቃ፣ ማታ 20 ደቂቃ። በመሐሉ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ አፈስበታለሁ፤ አረፋው ሲንተከተክ ጀርም እያለቀ ነው ብዬ ደስ ይለኛል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ቀዳዳው ሊጠብ ቀርቶ ዙሪያው ነጣ፣ ልፍስፍስ አለ።

በ12ኛው ሳምንት ታላቅ እህቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ነርስ ናት። እግሬ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ደረሰችብኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቁስሌን እያጠብኩ።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ መዘፍዘፍ እንጂ ማጠብ ነው? ልብስ ስታጥቢ ስትውዪ ጣትሽ ምን ይሆናል?»

«ይነጣል፣ ይጨማደዳል።»

«ትንሽ ሲቧጥጠውስ?»

«ይላጣል።»

«በይ፣ ቁስልሽም ያንኑ እየሆነልሽ ነው።»

ከዚያ ምንም ሳትነካ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሥሩ ብረት ያለበት ቁስል ጀርም ከያዘው ወደ ብረቱና ወደ አጥንቱ ሊወርድ ስለሚችል ቤት ውስጥ የሚሸፋፈን ነገር አይደለም። ራጅ ተነሳሁ፣ ደም ሰጠሁ፤ ተመስገን፣ ቀዳዳው ላይ ላዩን ነበር። ሐኪሙ ምንም አልተቆጣኝም፤ ያ የባሰ አሳፈረኝ።

ሳፋው ለምን እንደጎዳኝ እህቴ በመንገድ ላይ ስትነግረኝ መጣች። የቁስል ዳር ቆዳ ውሃ ሲጠግብ ይልፈሰፈስና በቀላሉ ይላጣል፤ ቀዳዳውን ሊሸፍን የሚሄደው አዲስ ቆዳ ደግሞ የሚነሳው ከዚያ ዳር ነው። እግር ወደ ታች ተንጠልጥሎ በሙቅ ውሃ ሲቀመጥ ደምና ፈሳሽ ይወርድበታል፤ በገንዳው የቀነስኩትን እብጠት በሳፋው እየመለስኩት ነበር። ሳፋው ቁመቱ አንድ ስንዝር ስለሆነ ግፊት ብሎ ነገር የለውም። ሦስተኛው የሚያስጠላው ነው፦ ከጣቶቼ መሐልና ከተረከዜ የሚለቀው ሁሉ እዚያው ውሃ ውስጥ ስለሚዋኝ ቁስሌን የማጥበው በእግሬ እጣቢ ነበር።

ትንሽ ያጽናናኝ፣ ሆስፒታሎችም ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህንኑ ማድረጋቸው ነው። ውሃ የሚያሽከረክር ትልቅ ጋን ነበራቸው፤ ቁስለኛው እግሩን ወይም መላ ሰውነቱን ይነክርበታል። ጋኑን ቢያጥቡትም በውሃ መግፊያው ቱቦ ውስጥ ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ተደብቆ ይቀርና ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ይሻገራል። የአሜሪካ የፊዚካል ቴራፒ ማኅበር በ2014 ባወጣው ዝርዝር ለቁስል እንክብካቤ ይህን ጋን አትጠቀሙ ብሎ በግልጽ ጽፏል። አሁንም «እግርህን ሙቅ ጨው ውሃ ውስጥ ንከረው» የሚል ምክር ባነበብኩ ቁጥር እጄ ይበላኛል፣ ልመልስ አልመልስ እያልኩ።

«ታዲያ ቁስል እርጥበት ይወዳል ይባል የለ?» ብዬ ተከራክሬያታለሁ። እውነት ነው። ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በ1962 በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የያዘ ቁስል ቅርፊት አውጥቶ ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ ለበሰ። ግን እሱ የሚለው እርጥበት ቁስሉ ራሱ የሚያወጣው ነው፣ በልኩ። ዳሩ ከነጣ ልኩ አልፏል ማለት ነው። አሁን ፋሻ ስፈታ መጀመሪያ የማየው ቀዳዳውን ሳይሆን የዳሩን ቀለም ነው።

ሳፋውን የተካው መሣሪያ እጅግ ተራ ነው፤ ስሪንጅ። ውሃ ቁስልን የሚያጸዳው በግፊት ነው፤ ተቀባይነት ያለው ልክ ከ4 እስከ 15 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ነው። ከ4 በታች ቆሻሻውን አያነሳውም፤ ከ15 በላይ ሥጋውን ይጎዳል፣ ጀርሙንም ወደ ውስጥ ይገፋዋል። 35 ሚሊሊትር ስሪንጅ 19 ቁጥር ቀዳዳ ካለው ጫፍ ጋር ሲገፋ 8 ገደማ ይሰጣል። እህቴ መርፌ አልሰካችበትም፤ ከካኑላ፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ ከሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ መርፌውን አውጥታ ለስላሳውን የፕላስቲክ ቱቦ ብቻ አስቀረች። እግሬን ትራስ ላይ ከፍ አድርጋ፣ ከሥሩ ፎጣ ዘርግታ፣ ጫፉን ከቁስሉ ጥቂት ሴንቲሜትር አርቃ ከላይ ወደ ታች ረጨችው። ድምፁ ስስ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስላል። መጀመሪያ የወረደው ውሃ ቢጫ ክር የመሰለ ነገር ይዞ መጣ፤ ያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ ያልተነቃነቀ ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ቀጥሎ ዙሪያውን በጎዝ አደረቀች፣ ቁስሉን አልነካችውም፣ ሸፈነችው። በማግስቱ ለብቻዬ ሞክሬ ውሃው ፊቴ ላይ ተፈናጠረ፤ ጓንትና መነጽር ለምን እንዳደረገች ያኔ ገባኝ። ጥልቅ ወይም ወዴት እንደሚሄድ የማይታይ ቀዳዳ ያለው ሰው ግን ይህን በራሱ እንዳይሞክር።

ውሃውስ ምን ይሁን ለሚል፦ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ፣ ማለትም በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው፣ ለሰውነት የሚስማማው ልክ ነው። የእኔ እፍኝ ከዚያ ስንት እጥፍ እንደነበር አልለካሁትም፣ ማወቅም አልፈልግም። የሚጠጣ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ከጨው ውሃው ጋር ተነጻጽሮ በተጠናባቸው ሙከራዎች ኢንፌክሽን አልጨመረም። ውሃው የማይጠጣ ከሆነ አፍልቶ ማቀዝቀዝ። ለብ ይበል እንጂ በረዶ አይሁን። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይዱን እህቴ ራሷ ደፋችው፤ ጀርሙን ሲገድል አዲስ የሚበቅለውንም ሕዋስ አብሮ ይገድላል። ሰው ውሃን ለረጅም ደቂቃ ይጠቀም የምትለው ለትኩስ ቃጠሎ ብቻ ነው፤ እሱም ቀዝቀዝ ባለ በሚፈስ ውሃ 20 ደቂቃ። እዚያም ቢሆን የሚፈስ ውሃ ነው እንጂ ሳፋ አይደለም።

ቀዳዳው በ15ኛው ሳምንት ገጠመ። እኔ በማግስቱ ገንዳ ልገባ ነበር፤ ፊዚዮቴራፒስቷ አሁን ስለማታምነኝ ፕላስተር ሳይኖርበት ካላየሁት አለች። ሁለት ሳምንት ምንም ሳያወጣ ደርቆ መቆየቱን አይታ በ17ኛው አስገባችኝ። ስለ ጉንፋኑም ነገርኳት። «ጉንፋን ሦስት ሳምንት ሲቆይ አይቼ አላውቅም ብዬ ነበር» አለች።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጥኗል። ውሃ ውስጥ ፍጥነትን እጥፍ ስናደርግ የሚገታን ኃይል አራት እጥፍ ገደማ ስለሚሆን ያለ ምንም ክብደት ጡንቻ ይሠራል፤ ሲያመኝ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ ውሃውም ወዲያው ይለቀኛል። ወደ ጎንና ወደ ኋላ መራመድ ከፊት ለፊቱ ይልቅ ጠቅሞኛል። ተረከዜን ሳላነሳ ጉልበቴን ግድግዳ ሳስነካ የእግሬ ጣት ከግድግዳው የሚርቀው ከ3 ሴንቲሜትር ወደ 7 ደርሷል። አሁንም የሚከብደኝ ከገንዳው መውጫ ደረጃ ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ላይ ክብደቴ በቁና በቁና ይመለሳል፣ የመጨረሻው ላይ ቆሜ ብረቱን ይዤ እተነፍሳለሁ።

የሚቀረኝ በአንድ እግር ተረከዝ ማንሳት ነው። ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ 20 ጊዜ እሠራለሁ፣ ዳሌዬ ላይ ሲደርስ 11። ትናንት በደረቅ ወለል ሞከርኩ። ተነሳልኝ ስል እህቴ አላመነችም፤ ተንበርክካ በተረከዜ ሥር አንድ ወረቀት አስገባች። ገባ። ሁለት አድርጋ አጠፈችው፣ አልገባም።