የኮንዶሚኒየም ሳሎን ሲታደስ ከምን ይጀመር?

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ቤት ያለው ሰው ሳሎኑን ለማደስ ሲነሣ በአብዛኛው ቀድመው የሚታሰቡት የኮርኒሱ ጂፕሰም፣ የቴሌቪዥኑ ግድግዳ እና አዲሱ ሶፋ ናቸው። እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት ሊታሰብበት የሚገባው የቤቱ ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ ቡናው የት እንደሚፈላ እና እንግዳ ሲበዛ በየት በኩል እንደሚታለፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ በሚገባ ታስቦበት የተዘጋጀ ሳሎን ጌጡ ጥቂት ቢሆንም ያምራል። ይህ ያልታሰበበት ሳሎን ግን የቱንም ያህል ገንዘብ ቢፈስበት እንግዳው ጉልበቱን አጥፎ፣ ስኒ የያዘችው ልጅ ደግሞ በጎኗ እየሾለከች የሚውሉበት ቤት ይሆናል።

ለማስረዳት የሚመቸኝ ጀሞ አካባቢ የሚገኘው የእህቴ ባለሁለት መኝታ ቤት ነው። ሳሎኑ ወርዱ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ነው። በገበያው ላይ የሚገኘው የተለመደ ትልቅ ሶፋ ከጀርባው እስከ ፊቱ 95 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። ከፊት ለፊቱ የሚቆመው ቡፌ 50 ሳንቲ ሜትር፣ መሀል የሚቀመጠው ጠረጴዛ 70 ሳንቲ ሜትር ይይዛሉ። ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩን እንዲያሳርፍ ከጠረጴዛው 45 ሳንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ይህ ሁሉ ሲደመር የሚተርፈው መተላለፊያ 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ እርሱም ለአንድ ሰው ማለፊያ ይበቃል እንጂ ረከቦት ሲዘረጋ እና በርጩማ ሲቀመጥ ጨርሶ ይዘጋል። እንግዲህ ችግሩ ክፍሉ መጥበቡ ብቻ አይደለም፤ ለሰፊ ግቢ ቤት የተሠራ ዕቃ ለዚህ ክፍል መመረጡም ጭምር ነው።

እህቴ ቤት የሠራነው መደብ ነው። አያቶቻችን በጭቃ እና በድንጋይ ከግድግዳው ጋር አያይዘው ይሠሩት የነበረውን መቀመጫ በእንጨት መልሰን ሠራነው ማለት ይቻላል። አናጢው ረጅሙን ግድግዳ ተከትሎ ከፍታው 33 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ሠራ፤ በላዩ 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ስፖንጅ ሲደረግበት እና ሰው ሲቀመጥበት ትንሽ ሲረግብ ከፍታው ለአዋቂ ሰው ጉልበት ልክ ሆነ። ስፋቱ ከነመደገፊያ ትራሱ 65 ሳንቲ ሜትር ነው። የመሀሉ ጠረጴዛ ወጥቶ በምትኩ ከአንድ እንጨት ተጠርበው የሚወጡት ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማዎች ገቡ፤ እነዚህ ስኒ ማስቀመጫም መቀመጫም ይሆናሉ፣ ሲያስፈልግም ተሰብስበው ጥግ ይይዛሉ። ሶፋው እና ጠረጴዛው ሲወጡ ቡፌው ባለበት እንኳ ከሁለት ሜትር በላይ ክፍት ወለል ተገኘ። በመደቡ ውስጥ ደግሞ ብርድ ልብሱ፣ የበዓል ሳህኖቹ፣ ትርፍ ፍራሹ እና ቀድሞ በየአልጋው ሥር ተጠቅጥቆ ይኖር የነበረው ዕቃ ሁሉ ቦታ አገኘ። መክፈቻው ከላይ ከሚሆን ይልቅ ከፊት ለፊት በመሳቢያ ቢሠራ ይመረጣል፤ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ ዕቃ ማውጣት ሲያስፈልግ ማንንም ማስነሣት አይጠይቅምና።

ይህ አሠራር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሐረር ጁገል ውስጥ ያሉት ነባር ቤቶች መቀመጫቸው ከቤቱ ጋር አብሮ የተገነባ ነው። ነደባ የሚባሉት ከፍ እና ዝቅ ያሉ መደቦች ለቤቱ ባለቤት፣ ለእንግዳ እና ለወጣቶች እንደየማዕረጋቸው ቦታ ይሰጣሉ። ዕቃው የሚቀመጠው ግድግዳው ውስጥ በተሠሩ ጎድጓዳ መደርደሪያዎች ሲሆን ከላይ ያለው ግድግዳ በስፌቶች እና በሳህኖች ያሸበርቃል። ወለሉ ነጻ ነው። ጠባብ ቤት ያለው ሰው ከሩቅ አገር መጽሔት ሐሳብ ከመፈለጉ በፊት ይህን ቢያይ ብዙ ይጠቀማል።

ስለ ቡና ቦታ ትንሽ ልዘርዝር፤ በቤት እድሳት ንግግር ውስጥ ሲነሣ የማልሰማው ጉዳይ ነውና። ቡና በየዕለቱ የሚፈላበት ቤት ለእርሱ የተለየ ማዕዘን ያስፈልገዋል፤ ማዕዘኑም ወደ በረንዳው በር ወይም ወደ መስኮቱ መቅረብ አለበት። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስለሆነ የአየር መውጫ ጉዳይ ከውበት በፊት የሚመጣ ነው። ወለሉን በተመለከተ፣ በአሁኑ ጊዜ ብዙ ሰው የሚመርጠው ላሚኔት የተባለው የእንጨት መልክ ያለው ንጣፍ ፍም ሲወድቅበት ይጠቁራል፣ በመገጣጠሚያው ውኃ ሲገባበት ያብጣል፤ እጅ የሚያስታጥብ እና ቄጠማ የሚጎዘጉዝ ቤተሰብ ደግሞ ወለሉን ማራሱ አይቀርም። ስለዚህ ለሳሎን የምመርጠው ሴራሚክ ነው፤ የማያብረቀርቅ እና የማያንሸራትት ዓይነት ቢሆን ይሻላል። የእንጨት መልክ የግድ የሚፈልግ ሰው ላሚኔቱን ሲያስነጥፍ በበረንዳው በር አጠገብ ሜትር በሜትር ያህል ቦታ አስተርፎ ሴራሚክ ወይም ግራናይት ያስለጥፍበት፤ ሁለቱ ወለሎች እኩል እንዲሆኑም ሲሚንቶው ሲስተካከል አስቀድሞ ለሠራተኛው መንገር ያስፈልጋል። እናቴ ይህን ማዕዘን ስታይ በቅድሚያ የጠየቀችው ቡና የምታፈላዋ ሰው ፊቷ ወደ እንግዶቹ ይሆን እንደሆነ ነበር። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ ጀርባዋን ሰጥታ የምታፈላ ከሆነ ከጨዋታው ትወጣለች።

ብዙ ሰዎች በሳሎኑ እና በማዕድ ቤቱ መካከል ያለውን ግድግዳ አፍርሰው አንድ ሰፊ ክፍል ማድረግ ይፈልጋሉ። እኔ አልመክርም። በእኛ ቤት ሽንኩርት ለረጅም ጊዜ ይቁላላል፣ በርበሬ ይታሻል፣ እንፋሎቱ እና ሽታው መጋረጃ እና ትራስ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ምግብ ማቀበያ የሚሆን መስኮት ግድግዳው ላይ ማስከፈት ግን የምትሠራውን ሰው ከሳሎኑ ጨዋታ ጋር ያገናኛል፣ ብርሃንም ያሳልፋል። ለማንኛውም ግድግዳ ከመነካቱ በፊት የሕንፃውን አሠራር የሚያውቅ መሐንዲስ ማየት አለበት። በእነዚህ ሕንፃዎች ክብደቱን የሚሸከሙት ኮለኖቹ (ቋሚ ምሰሶዎቹ) እና ቢሞቹ (አግዳሚዎቹ) ናቸው፤ የብሎኬት ግድግዳ በአብዛኛው ሸክም ባይኖርበትም የኤሌክትሪክ መስመር እና የውኃ ቧንቧ ሊያልፍበት ይችላል። ከዚህም ሌላ በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ሁሉም ቤቶች የሚጋሩት የሕንፃው ክፍል የአንድ ሰው የግል ንብረት አይደለም። አንድ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኮለን ቢነካ አደጋው አራተኛ ፎቅ ላይ ላሉት ሕፃናትም ይተርፋል።

ስለ ብርሃን ሲነገር ከውጭ የሚመጣው ምክር ለእኛ አገር እንዳለ አይሠራም። በአውሮፓ እና በሰሜን አሜሪካ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትታይ ደቡብ የሚያይ ክፍል ብሩህ፣ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ተደርጎ ይቆጠራል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለምትገኝ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትውላለች፤ በኅዳር፣ በታኅሣሥ እና በጥር ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። እንግዲህ መስኮቱ ወደ ደቡብ የሆነ ሳሎን በብርዱ ወራት ፀሐይ ያገኛል፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ስለሆነ በወፍራም መጋረጃ መጋረድ አይገባም። መስኮቱ ወደ ሰሜን የሆነ ሳሎን በበጋ ጥላማ ስለሚሆን እንደ እንቁላል አስኳል ፈዘዝ ያለ ቢጫ ወይም ሞቅ ያለ ክሬም ቀለም ይስማማዋል። ብርቱ ጥላ የሚያስፈልገው ወደ ምዕራብ የሚያየው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትገባው ፀሐይ ቤቱን ታግላለች፣ የሶፋውን ጨርቅም ታደበዝዛለች።

የማታው ብርሃን ደግሞ ሌላ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ነጭ አምፖል በአብዛኛው 6500 ኬልቪን (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል የተጻፈበት ሲሆን ለሥራ ቦታ ይሆናል እንጂ ሰው ተሰብስቦ ለሚጫወትበት ክፍል አይመችም፤ ፊትን ያገረጣል፣ የምግቡንም መልክ ያጠፋል። ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለው ወርቃማ ብርሃን ለሳሎን የተሻለ ነው። መሀል ኮርኒስ ላይ ካለ አንድ ብርቱ አምፖል ይልቅ ደግሞ በተለያየ ማብሪያ ማጥፊያ የሚበሩ ሁለት ሦስት ደካማ አምፖሎች በግድግዳው እና በማዕዘኑ ቢተከሉ ክፍሉ ጥልቀት ያገኛል። ይህ የሚወሰነው ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ነው፤ የኤሌክትሪክ መስመር መቅበሪያው ከተደፈነ በኋላ የተለሰነ ግድግዳ መልሶ መቦርቦር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ጂፕሰም ኮርኒስን በተመለከተ አስተያየቴ ግልጽ ነው። በደረጃ የተሠራው፣ መብራት የተደበቀበት ኮርኒስ ከጣሪያው ከፍታ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀንሳል። የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ደግሞ ሲጀመርም ከፍ ያለ አይደለም። ጣሪያው በደንብ ተለስኖ ነጭ ቢቀባ እና ጥጉ በቀጭን ጌጥ ቢታሰር ይበቃል፤ የተረፈውን ገንዘብ ለወለሉ እና ለመስኮቱ ማዋል ይሻላል። መጋረጃውም ቢሆን ዘንጉ ከመስኮቱ አናት ከፍ ብሎ ወደ ጣሪያው ቢጠጋ እና በግራና ቀኝ ከመስኮቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ ቢሄድ ክፍሉን ከፍ እና ሰፋ አድርጎ ያሳያል፤ ሲከፈትም መስታወቱን አይሸፍንም።

ግድግዳ ላይ ከባድ ነገር ከመስቀል በፊት ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ማጣራት ተገቢ ነው። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው፤ በአንዳንድ ቤቶች ክፍል የሚለየው ግድግዳም አግሮስቶን የሚባል ቀላል የፋብሪካ ፓነል ነው። በእነዚህ ላይ ተራ ሚስማር ትልቅ ቴሌቪዥን ወይም በመጽሐፍ የተሞላ መደርደሪያ አይችልም። በክረምት የሚያረጥብ ግድግዳ ካለም ውኃው የሚገባበት ስንጥቅ በውጭ በኩል እስኪደፈን ድረስ ቀለም መቀባት ከንቱ ነው፤ በቀጣዩ ሐምሌ ቀለሙ አብጦ ይረግፋል።

ለጌጥ የሚሆነው ዕቃ በቅርባችን አለ። ከሽሮ ሜዳ የሚገኝ ጥለት ያለው የሽመና ጨርቅ የትራስ ልብስ ይሆናል፤ ያረጀ የእናት ቀሚስ ጥለቱ ተቆርጦ በመስታወት ቢታቀፍ ከማንኛውም የተገዛ ሥዕል ይልቅ ለቤቱ ይቀርባል። አንድ ግድግዳ ለስፌት መስጠት እና ሌሎቹን ባዶ መተው ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ ከመሙላት ይበልጣል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጠመኔ ወለሉ ላይ የመደቡን፣ የቡፌውን እና የቡናውን ቦታ በትክክለኛ ልኩ አስምሮ የቤቱ ሰው ሁሉ ለጥቂት ቀናት በመስመሮቹ መካከል እንዲመላለስ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም። ከሠራተኛ ጋር ስንዋዋል ደግሞ ዋጋው የእጅ ብቻ ይሁን ወይም ከነዕቃው፣ የትኛው ሴራሚክ እና የትኛው ቀለም እንደሆነ፣ ሥራው በስንት ቀን እንደሚያልቅ በጽሑፍ ይስፈር። ቀብዱ ሥራውን ለመጀመር የሚበቃ ያህል ብቻ ይሁን፤ ቀሪው ገንዘብ የውኃው፣ የመብራቱ፣ የልስኑ እና የወለሉ ሥራ በየተራ ሲያልቅ እየታየ ይከፈል፤ የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ መሳቢያዎቹ ሁሉ ተከፍተው እና ተዘግተው፣ ማብሪያዎቹም አንድ በአንድ ተሞክረው እስኪታዩ ድረስ ይቆይ።