የወተቱ በርና የሥጋው በር

ዛሬ ሰማዩ እንዳኮረፈ ሰው ፊቱን አጥቁሮ ዋለ፤ እኔም አብሬው። እንዲህ በሚያደርገኝ ቀን የለመድኩት ምግብ አይጠግነኝም። ፍርፍር ስበላ አሳቤም አብሮኝ ይበላል። የማላውቀው ቤት፣ ከአጠገቤ የማይገባኝ ቀልድ፣ ስሙን ደግሜ የምጠይቀው ሳህን ነው የሚያምረኝ። ለዚህ ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ እንደ አይሁዶቹ ዴሊ፣ መሸጫም ምግብ ቤትም እንደሆነው፣ የሚሆን የለም። ምግቡ ከፖላንድ፣ ከሩሲያና ከሩማንያ በመርከብ የመጣ፤ ስሙ ግማሹ ዪዲሽ (የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ)፤ ሒሳቡ በዶላር፤ ሰልፉ የቀበሌ። እዚያ ቤት እንግዳው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሳህኑም ከመቶ ዓመት በፊት እንግዳ ነበር። ዛሬም ብሩክሊን ከሚባለው የከተማው ክፍል ከመጣች አንዲት ሴት ጋር ከነዚህ ቤቶች አንዱ ዘንድ ለብራንች ገባን።

ብራንች የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1895 ያስተዋወቀው ጋይ ቤሪንጀር የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ ነው። ቅዳሜ ያመሸ ሰው እሑድ ጠዋት በግድ አይነሣ፣ ቁርስና ምሳውን አንድ ላይ ይብላ ብሎ ተሟገተ። እኛ ዘንድ ነገሩ ያለ ስም ኖሯል። ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀመስም፤ ከወጣ በኋላ የሚበላው ቁርስም ምሳም ነው። ልዩነቱ እነሱ ወደ ማዕዱ የሚመጡት ከእንቅልፍ፣ እኛ ከመቆም መሆኑ ነው።

ያዘዝኩት ያው ነው፦ እንቁላል በሳልመን (በጨው በቆየ ዓሣ) እና በሽንኩርት። ቀላል ይመስላል፤ የሚበላሽበት መንገድ ግን ብዙ ነው። ለሁለት ሰው አንድ ትልቅ ሽንኩርት በ30 ግራም ቅቤ ይቁላላል፤ በዝግታ፣ ከ20 ደቂቃ በማያንስ። እንደ ወጣችን ቁሌት መቅላት አለበት፤ መጥቆር ግን የለበትም፤ ያረረ ሽንኩርት ከጨዋማ ዓሣ ጋር ሲገናኝ ይመራል። ከዚያ እሳቱ ይቀነስና ስድስት እንቁላል ተመትቶ ይገባል፤ በማንኪያ ከዳር ወደ መሐል እየተሳበ። እንቁላሉ ገና እርጥብ ሳለ 100 ግራም ያህል የተቆራረጠ ሳልመን ይጨመርና ወዲያው ይወጣል። ሳልመኑ ቀድሞ ከገባ ይነጣል፣ ይደርቃል፣ ጨዉን ሁሉ እንቁላሉ ላይ ይተፋል። ጨው አይጨመርም! ዓሣው ይበቃዋል። የሳልመኑም ምርጡ ቁራጭ አያስፈልግም፤ ቤቶቹ ሲቆርጡ የሚተርፈውን ፍርፋሪ በርካሽ ይሸጣሉ፣ ለዚህ የሚሆነው እሱ ነው።

አብሮት ቤግል ይመጣል። ያ ቀለበት ዳቦ። ብዙ ሰው ቤግልን መሐሉ የተበሳ ዳቦ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ቤግልን ቤግል ያደረገው ቀዳዳው ሳይሆን ከመጋገሩ በፊት መቀቀሉ ነው። ለአንድ ኪሎ ጠንካራ ዱቄት (ፕሮቲኑ 13 ከመቶ ገደማ የሆነ) 550 ግራም ውሃ፣ 20 ግራም ጨው፣ 5 ግራም ደረቅ እርሾና 20 ግራም የብቅል ሽሮፕ በቂ ነው። አዎ፣ ብቅል፤ ጠላ የምንጠምቅበት። ሊጡ ደረቅ ስለሆነ ማቡካቱ ክንድ ይፈልጋል። 115 ግራም ያህል እየተቆረጠ 13 ወይም 14 ቀለበት ይወጣዋል፤ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ጣዕሙ የሚመጣው ከዚህ ማደር ነው፤ ያላደረ ቤግል ዱቄት ዱቄት ይላል።

ጠዋት አንዱን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጣል ማድረግ ነው። ከተንሳፈፈ ደርሷል፤ ከሰመጠ ገና ነው፣ ቢጋገር እንደ ጭቃ ይጠቀጠቃል። ከመጠን አልፎ ከተነፋ ደግሞ የፈላ ውሃ ሲነካው ይሟሽሽና እንደ አሮጊት ጉንጭ ይጨማደዳል። ብቅል በተጨመረበት የፈላ ውሃ በእያንዳንዱ ጎኑ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ይቀቀላል። ላዩ ላይ ያለው ስታርች ቀድሞ በስሎ ቆዳ ይሠራል፤ ምድጃ ውስጥ እንደ ልቡ እንዳይነፋ የሚይዘው፣ የሚያብረቀርቀውም ያ ቆዳ ነው። ሰሊጡ ወይም ፖፒው (የአበባ ዘር ነው) የሚነሰነሰው ከውሃው እንደወጣ ነው፤ ከደረቀ አይዝም። ከዚያ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ፣ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ። ዛሬ ብዙ ቦታ መቀቀሉ ቀርቶ በእንፋሎት ብቻ ይጋገራል። ርካሽ ነው፣ ለስላሳም ነው፤ ግን ስሙን ለምን እንደሚጠሩበት አይገባኝም።

ቤግል ትኩስ ከሆነ አይጠበስም። የተጠበሰ ቤግል ላይ ክሪም ቺዙ፣ የሚቀባው ለስላሳ አይብ፣ ይቀልጣል፣ ቀዝቃዛው ዓሣም ለብ ብሎ ይሸታል። ዕድሜው ደግሞ አጭር ነው፦ ጠዋት የተጋገረ ማታ ድንጋይ። ፍሪጅ ማስገባት ይብስበታል፤ ብርዱ ስታርቹን ቶሎ ያጠጥረዋል። መፍትሔው በዚያው ቀን ለሁለት ሰንጥቆ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ነው። ሳይሰነጠቅ ከገባ ሲወጣ ለመሰንጠቅ የሚሞክር ሰው እጁን ይሰነጥቃል።

ዓሣው ጋ ስንመጣ፣ ሰው ሁሉ ላክስ ይላል እንጂ የሚበላው ኖቫ ነው። ላክስ በጨው ብቻ የተዘፈዘፈ የሳልመን ሆድ ነው፤ ጭስ አይነካውም፤ ጨውነቱ ውሃ ያስጠይቃል። ኖቫ ጨዉ ቀለል ተደርጎ ቀዝቃዛ ጭስ ላይ የቆየ ነው፤ ጭሱ ዓሣውን ማብሰል የለበትምና ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ባይዘል ይመረጣል። መደርደሪያው ጋ ስትቆሙ ከሆዱ በኩል ይቁረጡልኝ በሉ፤ ይሰባል። የጭራው በኩል ይደርቃል፣ ጨዉም ይከርራል። ሩብ ፓውንድ፣ ማለት 113 ግራም፣ ለሁለት ቤግል ይበቃል። ቢላው ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጥሩ ቆራጭ የቆረጠው ሳልመን ጋዜጣ ያስነብባል ይባላል። እኔ አልሞከርኩትም፤ አሁን ጋዜጣ ከየት ይመጣል።

እንግዲህ ይኼ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ሳለ ነው ያቺ የብሩክሊኗ ፓስትራሚ፣ የታጠነ የበሬ ሥጋ፣ ያማራት። አስተናጋጁ በትሕትና፣ ግን ሺህ ጊዜ እንደመለሰው ሰው፣ እዚህ ሥጋ የለም አላት። እሷ ተናደደች፤ እኔ ደግሞ እንቁላሌን ትቼ ማሰብ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ በኒው ዮርክ አይሁዶች ዘንድ ዴሊ ማለት የሥጋ ቤት ነበር። ዓሣና ወተት የሚሸጠው ሌላ ቤት ነው፤ አፔታይዚንግ ይሉታል። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ አይገናኙም ነበር። በሥጋው በኩል ካትዝ አለ፣ ከ1888 ጀምሮ፤ ስትገቡ ቲኬት ይሰጣችኋል፣ የበላችሁት እላዩ ይጻፋል፣ ከጠፋ ቅጣት አለው። (ካትዝ ራሱ ዛሬ ኮሸር፣ ማለት በአይሁድ የምግብ ሕግ የተፈቀደ፣ አይደለም፤ የኮሸር ወግ ያለው ቤት ነው።) በዓሣው በኩል ባርኒ ግሪንግራስ፣ 1908፤ ረስ ኤንድ ዶተርስ፣ 1914። የኋለኛው ስም ደስ ይለኛል። ባለቤቱ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ሦስት ሴቶች ነበሩት፤ ታፔላው ላይ «እና ሴት ልጆቹ» ብሎ ጻፈ። እኛ አገር «እና ልጆቹ» ሲባል ወንዶቹ መሆናቸው ሳይነገር ይታወቃል።

በሮቹን የለያቸው ኦሪት ነው። ጠቦትን በእናቱ ወተት አትቀቅል የሚለው ትእዛዝ ሦስት ቦታ ይገኛል፤ ሁለቴ በዘጸአት፣ አንዴ በዘዳግም። ከዚያች ዐረፍተ ነገር ተነሥተው ረቢዎቹ ሥጋና ወተትን ከድስት፣ ከሳህን፣ ከማዕድ ለዩ። ሥጋ የበላ ወተት እስኪቀምስ ብዙዎቹ ዘንድ ስድስት ሰዓት ይጠብቃል። ዓሣ ግን ሥጋ አይባልም። ሳልመን ከክሪም ቺዝ ጋር የተጋባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ብራንች ብለን የምናሽቃብጥለት ሳህን በሙሉ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ አይብ፣ የወተቱ በር ሳህን ነው።

ለጾመኛ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ እግረ መንገዴን። ዕቃው ላይ ፓርቭ የሚል ካያችሁ ሥጋም ወተትም የለበትም ማለት ነው፤ እንቁላልና ዓሣ ግን ሊኖርበት ይችላል። የጾም ነው ብላችሁ እንዳትገዙ። ተራው፣ የሰሊጡና የፖፒው ቤግል በወጉ ከተሠራ ጾም ነው፤ ቢጫው፣ የእንቁላል የሚባለው፣ አይደለም። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ ሰው ይጣላል።

ፓስትራሚው ላይ ልመለስ፣ ምክንያቱም የቀረበት ሰው ነው ስለ ምግብ በደንብ የሚያስበው። ሩማንያውያን አይሁዶች ይዘውት የመጡት ነው፤ ስሙ ከቱርኮቹ ባስቲርማ ጋር አንድ ዘር ነው፣ ተጭኖ የደረቀ ሥጋ። ከቋንጣችን ጋር የአጎት ልጆች ናቸው፤ ፍሪጅ ያልነበረው ሰው ብልሃት። አሜሪካ ሲደርስ ግን ማድረቁ ቀረና ሦስት ነገር ሆነ፦ መዘፍዘፍ፣ ማጨስ፣ በእንፋሎት ማብሰል። ሥጋው ፍርምባ ወይም ከፍርምባው ኋላ ያለው ስባም የሆድ ሥጋ ነው። የኋላ እግሩን፣ እኛ ሽንጥና ሹልዳ እያልን የምንሻማበትን፣ ኮሸር ቤቶች ባብዛኛው አይነኩትም፤ ያዕቆብ ሲታገል የተነካበት የጭን ጅማት ተለቅሞ መውጣት ስላለበት ድካሙ አያዋጣም።

ሥጋው በጨው፣ በስኳርና በነጭ ሽንኩርት ውሃ ለቀናት ይተኛል። ቀይነቱን የሚጠብቀው ናይትራይት ያለበት ሮዝ ጨው ነው፤ 6.25 ከመቶ የሆነው ዓይነት፣ ሥጋውና ውሃው ተደምሮ በኪሎ 2.5 ግራም። ይኼ በዓይን ግምት የሚጨመር አይደለም፤ ሲበዛ መርዝ ነው። ከዚያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬና ድንብላል በደንብ ይለበድበታል፣ ለሰዓታት ይታጠናል። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው የሚያገኘው የሚታኘክ ገመድ ነው። የሚያለሰልሰው የመጨረሻው እንፋሎት ነው፣ መሐሉ 95 ዲግሪ እስኪጠጋ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት። ስብ የሌለው ሥጋ እዚህ ላይ ይደርቃል፤ ስባሙ የሚመረጠው ለዚህ ነው። የሚቆረጠው የሥጋውን ክር ተሻግሮ፣ በእጅ፣ ወፈር ተደርጎ። ራይ ዳቦና ሰናፍጭ፤ ሌላ ነገር የለም። ማዮኔዝ የጠየቀ ሰው ሰልፉ ሁሉ ዞሮ ያየዋል።

ሥጋው ገና ጥሬ ሳለ ደግሞ ኮሸር እንዲሆን ሌላ ሥርዓት አለው። ደሙ እንዲወጣ ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ አንድ ሰዓት በጨው ተሸፍኖ ይቆያል፣ ሦስት ጊዜ ይታጠባል። ይህን ሳስብ እናቶቻችን ዶሮ ሲያጥቡ ታዩኝ። ሎሚና ጨው፣ ውሃው ኩልል እስኪል፣ ደግመው ደጋግመው፤ ዐሥራ ሁለቱ ብልት አንድ በአንድ። ለምን ብትሉ ይጠረናል ነው መልሱ። ኦሪት የሚል አንድም ሰው አልሰማሁም።

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው የተያዝኩት። አሳማ አንበላም፤ ቅዳሜን እናከብራለን፤ በስምንተኛው ቀን እንገርዛለን፤ ዶሮውን እስኪነጣ እናጥባለን። ወተቱን ግን? ክትፎ ማለት ጥሬ ሥጋ በላም ቅቤ ታሽቶ፣ ከጎኑ አይብ ተደርጎ የሚበላ ምግብ ነው። አንድ ረቢ ተቀምጦ የከለከለውን ነገር ሁሉ በአንድ ጣባ አሰባስቡ ቢባል ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ለያቺ የብሩክሊኗ ይህን ስላት ለሰከንድ አሰበችና ክትፎው እኮ አይቀቀልም አለችኝ። ለብለቡስ? ለብለብ መቀቀል ነው? ጥጃውና ላሟስ ዘመድ መሆናቸው በምን ይታወቃል? ትእዛዙን የተረዳነው ቃል በቃል ነው፣ ወይስ ቅቤው ሲሸተን ያቺን ገጽ ዘለልናት?

ይህን እያልኩ እንቁላሉ ቀዘቀዘ። ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፣ ቅቤው ነጭ ሆኖ ይረጋል፤ ስለ እሱም ልጽፍ ነበር፣ ረሳሁት። ስወጣ ስድስት ቤግል ገዝቼ ነበር፣ ሰንጥቄ ፍሪዘር ውስጥ ልከት። አሁን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፣ ከረጢቱ እንደታሰረ ጠረጴዛው ላይ አለ። አንዱን ነካሁት። ነገ ለቡና ቁርስ ይቀርባል፤ ጥርስ ያለው ይምጣ።