ሬዲዮው ሲዘጋ የሰማን አምላክ

ሬዲዮ ስለተዘጋ አውሮፕላን ከሰማይ አይወድቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ምስክርነቴን የሚያነብ ሰው ነገሩን እንዳያጋንነው ነው። ሞተሮቹ ይሠራሉ፤ ክንፉም ይሸከማል። መንገድ የሚያሳዩት መሣሪያዎች ከመነጋገሪያው ሬዲዮ የተለዩ ስለሆኑ አቅጣጫም አይጠፋም። የሚጠፋው የሰው ድምፅ ነው። በሌሊት፣ በደመና ውስጥ፣ ያን ሁሉ ነፍስ ከኋላ ይዞ የሰው ድምፅ ማጣት ምን እንደሆነ ግን የደረሰበት ያውቀዋል። እኔ ረዳት አብራሪ ነኝ። ደርሶብኛል፤ እግዚአብሔርም አውጥቶኛል።

ወደ መዳረሻችን ለመውረድ ተቃርበን ነበር። ከመሬት ሆኖ የሚመራን የአየር በረራ ተቆጣጣሪ ከፍታ እንድንቀንስ ፈቀደልን። ትእዛዙን ደግሜ ለማረጋገጥ የማነጋገሪያውን ቁልፍ ስጫን በጆሮዬ የነበረው ሁሉ ድንገት ዝም አለ። ሬዲዮ ሰው ባይናገርበት እንኳ ስስ የሆነ ሹክሹክታ አለው፤ እሱም ጠፋ። ደግሜ ተጣራሁ። መልስ የለም።

ካፒቴኑ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ከመሣሪያዎቹ ሳያነሡ፣ «አውሮፕላኑን እኔ ይዤዋለሁ፤ አንቺ ሬዲዮውን ተከታተዪ» አሉኝ። የሙያችን የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነው፦ ምንም ይምጣ ምን አስቀድሞ ማብረር፣ ቀጥሎ መንገድን መጠበቅ፣ መነጋገር ከሁለቱ በኋላ ይመጣል። ማዳመጫዬን ቀየርኩ። ከአንደኛው ሬዲዮ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሄድኩ። በዓለም ሁሉ ለአደጋ ጊዜ ክፍት ሆኖ በሚጠበቀው በ121.5 ሜጋኸርዝም ጠራሁ። አውሮፕላኑ የጽሑፍ መልእክት የሚልክበት መሣሪያ አልነበረውም፤ የእጅ ስልክም በዚያ ከፍታ አልሠራም። ስለዚህ ለራዳር መለያችንን በሚልከው መሣሪያ፣ በትራንስፖንደሩ ላይ 7600 አስገባሁ። ይህ ቁጥር በራዳር ለሚያየን ሰው «ሬዲዮ የለንም» ብሎ ይነግርልናል፤ 7500 ለጠለፋ፣ 7700 ለሌላ አደጋ እንደሆነ ሁሉ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውም ተጽፏል። ደመና ውስጥ ያለና ሬዲዮው የተዘጋበት አውሮፕላን ራዳር በሚያይበት አካባቢ የተፈቀደለትን ከፍታና ፍጥነት ለ7 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ከዚያም አስቀድሞ ባስመዘገበው የበረራ ዕቅድ መሠረት ይሄዳል። ከታች ያለው ተቆጣጣሪ ይህንኑ ሕግ ስለሚያውቅ ሌሎቹን አውሮፕላኖች ከመንገዳችን ያስወጣል። ሳንነጋገር የምንግባባበት ሕግ ነው፤ ያወጡትን ሰዎች ዛሬም አመሰግናለሁ።

እንግዲያው ምን አስፈራኝ? ጸጥታው ከመምጣቱ በፊት የሰማነው የአየር ጠባይ ዘገባ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው ላይ ከባድ ዝናብ ነበር፤ ደመናው ከመሬት በላይ እስከ 300 ጫማ ድረስ ወርዷል። ሬዲዮ ለሌለው አውሮፕላን የማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ በመብራት ይናገራል። የማይርገበገብ አረንጓዴ «እረፍ» ማለት ነው፤ የሚርገበገብ ቀይ ደግሞ «ማረፊያው አደገኛ ነው፤ አትረፍ»። ነገር ግን ከ300 ጫማ ደመና ሥር የወጣ የመንገደኞች አውሮፕላን መሬት ለመንካት ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይቀረውም። በዚያች ቅጽበት፣ በዝናብ በሚታጠብ መስኮት፣ በጎን በኩል የቆመ ማማ መብራት ማን ያያል? ከታች ያለው ነገር ተለውጦ ቢሆን የሚነግረን የለም። ይህ ሐሳብ ሆዴን አላወሰው።

ያን ጊዜ ጸለይኩ። እጄ አልቆመም፤ ከአንዱ ፍሪኩዌንሲ ወደ ሌላው እየዞርኩ ነበር የምጸልየው። ካፒቴኑ አጠገቤ ስለነበሩ ድምፄን አላሰማሁም። ሐና በእግዚአብሔር ፊት ስትለምን ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ እንደነበር፣ ካህኑ ዔሊም እንደ ሰከረች እንደቆጠራት ታስታውሳላችሁ። ሰው ያልሰማውን ድምፅ የሰማላት አምላክ ትዝ አለኝ። «ጌታ ሆይ፣ እኛን የሚሰማን ሰው የለም፤ አንተ ግን ትሰማለህ። መናገሩ ይቅርብን፤ አንድ ድምፅ ብቻ አሰማን» አልኩት። የለመንኩት ይህንኑ ነው። ደመናው እንዲገለጥ ወይም ዝናቡ እንዲያባራ አልለመንኩም።

ካፒቴኑ ዋናዋን የበረራ አስተናጋጅ አስጠርተው መንገደኞቹን ታዘጋጅ ዘንድ ነገሯት። እኔ ደግሞ ከኋላችን ባለው በሦስተኛው ወንበር የተንጠለጠለውን ማዳመጫ አነሣሁ። ቀደም ብዬ ሞክሬው ምንም አልሰጠኝም ነበር። ለምን እንደገና እንዳነሣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሶኬቱን በሦስት ጣቶቼ ይዤ ጫን አልኩት።

ድምፅ! ሩቅ፣ የተቆራረጠ፣ ግን የሰው ድምፅ! የበረራ ቁጥራችንን ይጠራል። «ከሰማችሁኝ የመለያ ቁልፉን ተጫኑ።» ትራንስፖንደሩ ላይ ያለው ይህ ቁልፍ ሲጫኑት የአውሮፕላኑ ምልክት በተቆጣጣሪው ስክሪን ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ጎልቶ ይታያል። ተጫንኩት። ጥቂት ዝምታ ሆነና፣ «አየኋችሁ። ትሰሙኛላችሁ ማለት ነው» አለ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። «ካፒቴን፣ እየጠሩን ነው! እንሰማቸዋለን!» አልኳቸው። «ተመስገን!» አሉ፤ እሳቸውም ሲጸልዩ እንደነበር ያወቅኩት በዚህ ነው።

ቀጥሎ የሰማነውን በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም። በዕቅዳችን መሠረት ልናርፍበት በነበረው ማኮብኮቢያ ላይ ከእኛ በፊት ያረፈ የጭነት አውሮፕላን ጎማው ፈንድቶ ቆሟል። ማኮብኮቢያው ተዘግቷል። ከጎኑ ባለው በሌላኛው እንድናርፍ እየመራን፣ በየትእዛዙ ቁልፉን በመጫን እየመለስንለት፣ ደረጃ በደረጃ አወረደን። ከደመናው ስንወጣ የማኮብኮቢያው መብራት ፊት ለፊታችን ነበር። ካፒቴኑ በዚያ ዝናብ በሰላም አሳረፉን። ወደ ማቆሚያው ስንሄድ በግራ በኩል የጭነት አውሮፕላኑን በእሳት አደጋ መኪናዎች ተከቦ አየሁት።

መጋቢት 18 ቀን 1969 በስፔን ደሴት በቴኔሪፍ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ በተሸፈነ ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ማለቃቸውን አብራሪ ሁሉ ይማራል። በወሳኟ ሰዓት ሁለት የሬዲዮ መልእክቶች በአንድ ጊዜ ተላልፈው እርስ በርስ ተሸፋፍነው ነበር። ያ ትምህርት በዚያች ሌሊት ፊቴ ላይ ቆሞ ነበር።

ጉዳዩን ያወራኋቸው አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ «ምናልባት የማኮብኮቢያው መብራት ጠፍቶ ታዩትና ትመለሱ ነበር» ይላሉ። ሊሆን ይችላል፤ አልከራከርም። ቴክኒሻኖቹም ሦስቱም ሬዲዮዎች የሚያልፉበት የድምፅ ማከፋፈያ ክፍል መበላሸቱን፣ የሦስተኛው ወንበር መስመር ግን ለመቀበል ያህል ብቻ መትረፉን ነግረውኛል። ማብራሪያቸውን ተቀብያለሁ። እኔ የምመሰክረው ሌላ ነው፦ መናገሩ ይቅርብን፣ መስማቱን ስጠን አልኩ፤ መናገሩ ቀረ፣ መስማቱ ተሰጠን። የለመንኩት በልኩ ተቆርጦ መጣልኝ። ይህን ዕድል ነው ብዬ ለማለፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ካረፍን በኋላ ካፒቴኑ ወደ መቆጣጠሪያው ስልክ ደውለው ማዳመጫውን ለእኔ ሰጡኝ። ያ ተቆጣጣሪ ድምፁ ደክሟል። መልስ ሳያገኝ በመደበኛው ፍሪኩዌንሲም በ121.5ም እየተፈራረቀ ሲጠራን እንደቆየ፣ ከኋላችን የነበሩትንም በርቀት እንዳዞራቸው ነገረኝ። አጠገቡ የነበረው ሰው «አይሰሙህም፤ መብራቱን እናዘጋጅ» ብሎት ነበር። መብራቱንም አዘጋጁ፤ እሱ ግን መጥራቱን አልተወም። ለምን እንዳልተወ ጠየቅኩት። «ማኮብኮቢያው መዘጋቱን አታውቁማ!» አለኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩት፤ ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ። ያን ሰው በእኛ ሰዓት በዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠውን አምላክ በሕዝብ ፊት አመሰግነዋለሁ።