ከህዳር ሚካኤል እስከ በዓታ፦ ዶሮዬን ያስታቀፍኩባቸው 21 ቀናት

ህዳር 9 ጠዋት ገብስማዋ ዶሮዬ አልወጣም አለች። ሌሎቹ ጥሬ ሲለቅሙ እሷ ጥግ ላይ ተለጥፋ ቀረች። እጄን ስዘረጋባት ላባዋን ነፍታ አጉረመረመችና ነቆረችኝ። ደረቷን ስዳብሳት ላባው ሳስቷል፣ ቆዳዋ ይፋጃል። ጎረቤቴ እማማ በአጥሩ በኩል አይተው፣ «ልጄ፣ ዶሮሽ እቅፍ ፈልጋለች» አሉኝ።

ደስ አለኝ። ወዲያው ግን የክረምቱ ትዝ አለኝና ፈራሁ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በጠባብ ግቢዬ ስድስት የአበሻ ዶሮዎችና አንድ አውራ ዶሮ አሉኝ። ባለፈው ሐምሌ ሌላዋ ዶሮ እቅፍ ስትፈልግ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ 15 እንቁላል ገዛሁ። ትልልቁን መርጬ ነው የገዛሁት። 15ቱንም አስታቀፍኳት። ከዚያ በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለት ሦስቴ፣ ብድግ እያደረግኩ አያት ነበር። በ21ኛው ቀን 3 ብቻ ተፈለፈሉ። ከሦስቱ አንዱን እኔው ገደልኩት። ቅርፊቱን ሰብሮ መውጣት ሲያቅተው ላግዘው ብዬ በጥፍሬ ላጥኩለት፤ ደም ፈሰሰውና እጄ ላይ ሞተ። ከቀሩት እንቁላሎች አንዱ ሥሯ ፈንድቶ ሽታው ለሳምንት ከቤት አልወጣም።

እማማን ምን አጥፍቼ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። «መጀመሪያ እንቁላሉን ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። መልሱ እዚያው ነበር። የገበያ እንቁላል መቼ እንደተጣለ አይታወቅም። ከገጠር በአህያም በመኪናም ሲንገጫገጭ መጥቶ ሊሆን ይችላል። አውራ ያልነካት ዶሮ የጣለችው ከሆነ ደግሞ ዓመት ብትታቀፈውም ጫጩት አይወጣውም። 15 መሆኑም ሌላ ጥፋት ነው። የእኛ ዶሮ ትንሽ ናት፤ ክንፏ የማይደርስበት እንቁላል ይበርደዋል። እሷ ደግሞ እያገላበጠች የዳሩን ወደ መሀል፣ የመሀሉን ወደ ዳር ስለምታደርግ በየተራ ሁሉም ይበርደዋል። በዚያ ላይ የደብረ ማርቆስ ሐምሌ ነው፤ ጎጆው ራሱ እርጥብ ነበር።

ስለዚህ በዚህኛው ዙር ጥንቃቄዬ ሁሉ ከእቅፉ በፊት ሆነ። ከክረምቱ ወዲህ እንቁላል በተጣለ ቁጥር ቀኑን በእርሳስ እጽፍበታለሁ። የማስቀምጠውም እማማ እንዳሳዩኝ ነው፤ ቀዝቀዝ ባለ ጓዳ፣ ጤፍ ውስጥ፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጌ። አላጥበውም። እንቁላል ሲጣል ቅርፊቱ ላይ ተፈጥሯዊ መከላከያ አለው፤ ውሃ ያንን ያነሳና ቆሻሻ ወደ ውስጥ እንዲገባ መንገድ ይከፍታል። ከ7 ቀን ያልበለጣቸውን፣ ያልተሰነጠቁትን፣ መካከለኛ የሆኑትን 11 መረጥኩ። በጣም ትልቁንም በጣም ትንሹንም ተውኩ።

ጎጆውን የሠራሁት በተሰበረ እንስራ ግማሽ ነው። ከታች ደረቅ አፈር፣ ከላይ የጤፍ ጭድ። በአፈሩና በጭዱ መካከል ጥሩ አድርጌ አመድ ነሰነስኩ። ይህን ማንም እንዳይንቀው እለምናለሁ። ቁንጫና ቅማል የበላት ዶሮ እቅፏን ጥላ ትሄዳለች፤ ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል። ቦታው ከሌሎቹ ዶሮዎች የተለየ፣ ጨለም ያለ የጓዳ ጥግ ነው። በሌሊት አዛወርኳት። ቀን ብትዛወር ወደ ድሮ ቦታዋ ትመለሳለች። መጀመሪያ ለሙከራ ሁለት እንቁላል ብቻ አድርጌላት ሦስት ሌሊት ፈተንኳት። ጸናች። ህዳር 12 ማታ፣ የሚካኤል ዕለት፣ ሁለቱን አንስቼ 11ዱን አንድ በአንድ በክንፏ ሥር ሰደድኩላት። እያንዳንዷን በምንቃሯ ወደ ሆዷ ሳብ ስታደርጋት አየሁ።

እማማ ቀኑን በካላንደር አይቆጥሩም። «በሚካኤል ካስታቀፍሽ በገብርኤል ታያለሽ፣ በበዓታ ትቆጥሪያለሽ» አሉኝ። እውነትም ህዳር 19 ሰባተኛው ቀን ነው፤ ታኅሣሥ 3 ደግሞ ሃያ አንደኛው። ወቅቱም ይመቻል። ዝናቡ ቆሟል፣ አዝመራው እየገባ ስለሆነ ለጫጩት የሚሆን ጥሬ አይጠፋም። ነቢያት ጾም ስለሚገባ እንቁላሉም ከድስት ይተርፋል።

የከበደኝ እጄን መሰብሰብ ነው። ገብስማዋ በቀን አንዴ ትወጣለች። ውሃ ትጠጣለች፣ በችኮላ ትለቅማለች፣ ትልቅና የሚገማ ኩስ ትጥላለች፣ አመድ ላይ ትንከባለላለች። እኔ ሰዓት ይዤ እቆማለሁ። አንድ ቀን 25 ደቂቃ ቆየች። እንቁላሉን ስነካው ቀዝቅዟል። ልብሴን ላለብሰው ስሮጥ እማማ ያዙኝ። «ተይው፣ እሷ ታውቃለች» አሉ። አወቀችም። ወደ ግማሽ ሰዓት የሚደርስ መውጣት እንቁላሉን እንደማይጎዳው ያኔ ነው የተማርኩት። የእኔ ሥራ ጥሬና ውሃ ከጎጆው ሁለት ሦስት እርምጃ ራቅ አድርጌ ማስቀመጥ ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሥሯ ጽሑፍ የሌለው እንቁላል አገኘሁ። ለካ ሌላዋ ዶሮ ገብታ ጥላበታለች። ቶሎ አወጣሁት። ባላወጣው ኖሮ ሌሎቹ ሲፈለፈሉ እሱ ገና መንገድ ላይ ይሆን ነበር።

በገብርኤል ማታ መብራት አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ አበራሁና እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በመዳፌ ይዤ አየሁ። ያቺን ማታ አልረሳትም። ብርሃኑ ላይ ሳደርገው ውስጡ ቀይ ብርቱካን ይመስላል። መሀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ፤ ከነጥቡ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት እግር ተዘርግተዋል። ትንፋሼን ይዤ ሳይ ነጥቡ ተንቀሳቀሰ። ሁለቱ ግን ጥርት ብለው አሳዩ፤ ዘር የላቸውም። እነሱን አወጣሁ፣ 9 ቀሩ። በ14ኛው ቀን ደግሜ አየሁ። አሁን ከወፍራሙ ጫፍ የአየር ክፍል በቀር ሁሉም ጥቁር ሆኗል። ከ18ኛው ቀን በኋላ አልነካሁም። በዚያ ሰዓት ጫጩቱ ለመውጣት ቦታውን እያስተካከለ ነው።

ታኅሣሥ 2 ማታ ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ከቅርፊቱ ውስጥ «ጭው ጭው» ይላል። ገብስማዋ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ ትመልስላቸዋለች። በማግስቱ ጠዋት አንዱ እንቁላል ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ስንጥቅ አየሁ። ከስንጥቁ ሥር ጫፏ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት ምንቃር ገፋ ታደርጋለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ገፋ ታደርጋለች። ሁለት ሰዓት ሄደ። አራት ሰዓት ሄደ። የክረምቱ ጫጩት ትዝ እያለኝ እጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። ከስንጥቁ በኋላ ጫጩቱ ረጅም ሰዓት የሚያርፈው በሽፋኑ ላይ ያለው ደም ወደ ሰውነቱ እስኪመለስና የአስኳሉ ትራፊ ወደ ሆዱ እስኪገባ ነው። እኔ በሐምሌ የቀደምኩት ይህን ነበር። ከሰዓት በኋላ ቅርፊቱ ዙሪያውን ተቆርጦ እንደ ክዳን ተከፈተና እርጥብ፣ የደከመ ጫጩት ተንከባሎ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት 8 ሆኑ። አንዱ ቅርፊቱ ውስጥ ሞቶ ቀረ።

የመጀመሪያውን ቀን ምንም አልሰጠኋቸውም። ሆዳቸው የገባው አስኳል ይበቃቸዋል፤ እናትየውም የቀሩት እስኪወጡ አትነሳም። ከዚያ ክርትፍ በቆሎ ከትንሽ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከወጣ በኋላ ከሚቀረው) ጋር፣ ሲገኝ ደግሞ ምስጥ። ውሃውን በጣሳ ክዳን ሰጠኋቸው፤ ወድቀው እንዳይሰጥሙ ጠጠር ጨምሬበት።

ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የመጣ ጊዜ ግቢ አጽድቶ ነው የሚሄደው፤ ከያዛቸው በኋላ መድኃኒት የለውም። ክትባቱ ግን አለ፤ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ይመረታል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ በዚያው በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ብር አዋጣን፣ ባለሙያ ጠራን፣ የሁላችንም ጫጩቶች በአንድ ጠዋት ዓይናቸው ላይ ጠብ ተደረገላቸው።

አንዷን ጭልፊት ወሰደብኝ። በሩን ክፍት ትቼ ሱቅ ደርሼ እስክመለስ ነው። ከዚያ ወዲህ እስኪጠነክሩ ቀን ቀን በትልቅ ቅርጫት ደፍቼ ነው ፀሐይ ያሞቅኳቸው።

ሰዎች «የፈረንጅ ዶሮ ብታረቢ አይሻልሽም?» ይሉኛል። እንቁላል ብቻ ለሚፈልግ ይሻላል። የእኛዋ በዓመት ከ40 እስከ 60 ያህል ብቻ ነው የምትጥለው፤ አንዱ ምክንያት እየታቀፈችና እያሳደገች መጣል ስለምታቆም ነው። የፈረንጆቹ ባለብዙ እንቁላል ዶሮዎች ግን መታቀፉን ከነጭራሹ ትተውታል ማለት ይቻላል። እኔ ያለ መብራትና ያለ ማሽን ዘሯን የምትተካ ዶሮ ግቢዬ ውስጥ እንድትጠፋ አልፈልግም።

ገብስማዋ የካቲት ላይ ጫጩቶቿን ትታ እንደገና መጣል ጀመረች። በቀደም እማማ ትንሽ ቅርጫት ይዘው መጡ። የእሳቸውም ዶሮ ላባዋን መንፋት ጀምራለች፤ አውራቸውን ግን ለገና አርደውታል። ከጤፉ ውስጥ 11 መርጬ፣ የተጻፈባቸውን ቀን እያሳየኋቸው፣ ሹል ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጌ ደረደርኩላቸው።