ማኅተሙ ባሕር ዳር ሄዶ ነበር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የአንድ ነጻ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ኃላፊ ነበርኩ። «ቢሮ» ስል አትጓጉ። አንድ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የተንጋደደ መደርደሪያ። ከእኔ ሌላ ሕግ ተመርቃ ዓመት ያልሞላት አንዲት ልጅ ነበረች።

ሥራችን ፍትሐ ብሔር ነው፤ መሬት፣ ውርስ፣ ቀለብ። በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ መንግሥት እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተጽፎለታል። መሬቷን ለተነጠቀች መበለት ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም። ያላት በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ድህነቷን አስረድታ፣ የዳኝነት ገንዘብ ሳትከፍል መክሰስ ነው። ማን ይጻፍላት? እኛ። እኛ ማለት ደግሞ እኔ።

ልጅቷ ታረቅቃለች፤ እኔ እሰርዛለሁ፣ እደልዛለሁ፣ እፈርማለሁ። ማኅተሙ በእኔ መሳቢያ፣ ቁልፉ በእኔ ኪስ። ጥንቃቄ እለው ነበር። እውነቱን ከተናገርኩ ግን ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ «ጌታው የሉም?» ሲል ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ለአምስት ቀን ስልጠና ባሕር ዳር ሄድኩ። ርዕሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የአመራር ክህሎት! አሰልጣኙ ስለ ውክልና ሲያስረዱ እኛ የሕግ ሰዎች እንሳሳቅ ነበር። ለእኛ ውክልና ማለት የሰነዶች ማረጋገጫ ወረፋ ነዋ።

ማክሰኞ ከጮቄ ሥር አንዲት እማሆይ ቢሯችን መጡ። ሁለት ጥማድ መሬታቸውን እኩል ያርስላቸው የነበረ የወንድማቸው ልጅ «የእኔ ነው» ብሎ ወረዳ ፍርድ ቤት ረቷቸዋል። ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። የውሳኔ ግልባጭ ለማግኘት ሲመላለሱ፣ መኻል ላይም የገብስ አጨዳ ገብቶ፣ እኛ ጋ ሲደርሱ 57ኛው ቀን ሆኗል።

ልጅቷ ደወለች። «ጋሼ፣ አንዲት እማሆይ ይግባኝ ይዘው መጥተዋል፤ ቀኑ...»

«ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ሰኞ ይምጡ፣ አየዋለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ የይግባኝ ማመልከቻው ተቀምጧል። ማክሰኞ ዕለት ተጽፎ ያለቀ ነው። አነበብኩት። የሚሰረዝ አጣሁ። ከዚያ ቀኑን ቆጠርኩ፤ 63።

«ለምን አላስገባሽውም?»

«ያለ እኔ ፊርማ ከዚህ ቤት ወረቀት አይወጣም ብለውኝ የለ?»

ምን እላታለሁ? ሕጉ የእኔን ማኅተም አልጠየቀም። እማሆይ ራሳቸው አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ማስገባት ይችሉ ነበር።

በቂ ምክንያት ካለ ፍርድ ቤት ከጊዜ ውጭ ይግባኝ ሊፈቅድ ይችላል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 326 ግን የጠበቃ ወይም የወኪል ጥፋት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። ያንን አንቀጽ የዚያን ቀን ያነበብኩትን ያህል ለፈተና እንኳ አላነበብኩትም። እርጅናቸውንና የመንገዱን ርቀት ጠቅሰን አመለከትን። አልተፈቀደም።

የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ ልጅቷ ዞረው አዩ። «እሷ እኮ ጽፋልኝ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ በሽማግሌ ተይዞ ልጁ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የምርቱን ሲሶ ሊሰጣቸው ተስማማ። ከባዶ ይሻላል እንጂ ፍትሕ አልለውም።

ቁልፉን ለልጅቷ ሰጠኋት። የቀን ገደብ ያለበትን ጉዳይ ራሷ ጽፋ፣ ራሷ ፈርማ እንድታስገባ፣ እኔ ግልባጩን በኋላ እንዳነብ ተስማማን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ፤ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ። በየሰዓቱ «ምን አስገባሽ?» እያልኩ አሰለቸኋት። በር ላይ የሚቆሙት ባለጉዳዮችም ቀስ በቀስ እሷን መጠየቅ ጀመሩ። ትንሽ ቀናሁ መሰለኝ።

ዓመት ሳይሞላ ታምሜ ሁለት ሳምንት ቤት ዋልኩ። አንድም ቀን አልደወለችም። ስመለስ መዝገብ ቤት የተቀበላቸው ሦስት ማመልከቻዎች ጠበቁኝ። አንዱ ላይ እኔ ብሆን እንደዚያ የማልጽፈው ዓረፍተ ነገር አየሁ። እስክሪብቶዬን አወጣሁ። መልሼ ኪሴ ከተትኩት።