የለስላሳ መጠጦችን ታሪክ ከጋዙ ተነስቼ እንዴት እንዳጠናሁት

የለስላሳ ታሪክ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠራው ኮካ ኮላን ነው። እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ስነሳ የታወቁትን ስሞች ለጊዜው ወደ ጎን ተውኳቸው። መጀመሪያ ያስቀደምኩት ጥያቄ ይሄ ነበር፦ ጋዙ ውሃ ውስጥ እንዴት ገባ? ይህን አካሄድ ለማንም እመክራለሁ። ከስሞቹ የጀመረ ሰው ማስታወቂያ ሲያነብ ይከርማል።

ጥያቄው ወደ እንግሊዟ ሊድስ ወሰደኝ። እ.ኤ.አ. በ1767 ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለ ሰባኪና ተመራማሪ የሚኖረው ከቢራ መጥመቂያ አጠገብ ነበር። ከሚብላላው ቢራ በላይ ረብቦ የሚቆየው ጋዝ ቀልቡን ሳበው። እዚያው ጋዙ ውስጥ ውሃን ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲገላብጥ ውሃው ደስ የሚል ጣዕም ያዘ። በ1772 ዘዴውን አሳተመ። ያኔ ጋዙን የሚያገኘው ጠመኔ ላይ አሲድ በማፍሰስ ነበር። ውሃው መርከበኞችን ከስከርቪ ያድናል ብሎም ተስፋ አድርጎ ነበር። ስከርቪ የቪታሚን ሲ እጥረት ስለሆነ ተስፋው አልሰመረም። ሶዳው ግን ቀረልን።

እኔም ቤት ውስጥ ሞከርኩት። የሁለት ፕላስቲክ ጠርሙሶችን ክዳን በስቼ በቀጭን ቱቦ አገናኘኋቸው። በአንደኛው ቤኪንግ ሶዳና ሲትሪክ አሲድ፣ በሌላው የሚጠጣ ውሃ። ጋዙ በቱቦው እየተንቦቀቦቀ ሲያልፍ የውሃውን ጠርሙስ ደጋግሜ ናጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ፕላስቲኩ በጣት ሲጫኑት እምቢ አለ፤ ድርቅ ብሏል። ትልቁን ልዩነት ያመጣው ቅዝቃዜው ነው። ወደ 0 ዲግሪ የተጠጋ ውሃ፣ 20 ዲግሪ ላይ ካለው ውሃ እጥፍ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ስለዚህ ውሃው በጣም ይቀዝቅዝ። ብርጭቆ ጠርሙስ ደግሞ በጭራሽ አይሁን፤ ግፊቱ ሊያፈነዳው ይችላል።

አንዱን ጠርሙስ ሆን ብዬ ክዳኑን አላልቼ አሳደርኩት። ሲነጋ ተራ ውሃ ነው። የኢንዱስትሪው የረጅም ጊዜ ራስ ምታት ይሄው ነበር። ጋዙን መሥራት ቀድሞ ተችሏል፤ ሰዓት ሠሪው ያኮብ ሽቬፕ በ1783 ጄኔቫ ላይ ለገበያ አብቅቶታል። ጋዙን ጠርሙስ ውስጥ ማቆየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቡሽ ይንሸራተታል፣ ያፈሳል። መፍትሔውን በ1892 ያመጣው የባልቲሞሩ ዊልያም ፔይንተር ነው፦ ዛሬ የምናውቀውን ቆርኪ። የመጀመሪያው 24 ጥርስ ነበረው። አንድ ቆርኪ አንስቼ ቆጠርኩ፦ 21። የዛሬው መለኪያ ይሄ ነው።

ወደ ስሞቹ የዞርኩት ከዚህ በኋላ ነው። ወረቀት ላይ ዓመት፣ ከተማ፣ ሰው፣ ሙያ ብዬ አሰመርኩ። ሚስጥሩ የወጣው ከሙያው ረድፍ ነው። በ1885 በቴክሳሷ ዋኮ ዶክተር ፔፐር የተባለውን የአሜሪካ ለስላሳ የቀመመው ቻርለስ አልደርተን፣ በ1886 አትላንታ ላይ ኮካ ኮላን የሠራው ጆን ፔምበርተን፣ በ1893 ኒው በርን ላይ በኋላ ፔፕሲ የተባለውን የጀመረው ኬሌብ ብራድሃም፤ ሁሉም መድኃኒት ቀማሚዎች ናቸው። ጋዝ ያለው ውሃ እንደ ፈውስ ይታይ ስለነበር መቅጃው የሚገኘው መድኃኒት ቤት ነበር። ፔምበርተን ራሱ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቆስሎ የሞርፊን ሱሰኛ ሆኖ ነበር። መጠጡ በብርጭቆ 5 ሴንት ይሸጥ ጀመር። እሱ ግን በ1888 አረፈ፤ ሀብቱን አላየውም።

ከረድፉ የሚወጡም አሉ። ፋንታ በ1940 የተወለደው በጀርመን ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኮካ ኮላን ቅመም ሲያቋርጥባቸው፣ እዚያ ኮካ ኮላ የሚሠሩት ሰዎች አጓትና ጭማቂው የወጣለት አፕል ተረፍ ተጠቅመው ሠሩት። ዛሬ የምናውቀው የብርቱካን ፋንታ የመጣው በ1955 ከኔፕልስ ነው።

ካየሁት ሁሉ የገረመኝ ግን የ1899ኙ ውል ነው። የኮካ ኮላ ባለቤት የነበረው ኤሳ ካንድለር በአብዛኛው አሜሪካ መጠጡን በጠርሙስ የመሸጥ መብትን ለሁለት የቻታኑጋ ጠበቆች በ1 ዶላር ሰጠ። ሞኝ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ቆርኪ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ካንድለር የሚያውቀው ጠርሙስ የሚያፈስ ጠርሙስ ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣው ደግሞ ከመድኃኒት ቤቱ ብርጭቆ ነበር። በጠርሙስ የሚሸጠው ኮካ ኮላ በብርጭቆ ከሚቀዳው የበለጠው በ1928 ነው።