የእማዬ ነጠላ እና የኔ ንፋስ ጄኔሬተር

ሲያትል ውስጥ የቤት ኪራይ አልቀመስ ሲለኝ የዛሬ ሁለት አመት አንዲት 32 ጫማ አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዝቼ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ውስጥ ገባሁላችሁ፣ እዛው እበላለሁ እዛው እተኛለሁ። እህቴ እስካሁን ለሰው ስትናገር "ወንዝ ዳር ነው ቤቱ" ነው የምትለው።

ማሪና ላይ መብራት ከዳር በገመድ ስለሚመጣ ምንም ችግር የለም፣ ጣጣው ሰመር ላይ ከሲያትል በስተሰሜን ወዳሉት ሳን ሁዋን ደሴቶች ወጥቼ መልህቅ ጥዬ ሳድር ነው፣ ፍሪጁ ብቻውን ባትሪውን በሁለት ቀን ሙልጭ ያደርገዋል። ጎረቤቴ፣ እድሜውን ሙሉ ባህር ላይ የኖረ ፈረንጅ ሽማግሌ፣ ሶላር ግዛ አለኝ። ሲያትል ፀሐይ የት አለና ብዬ ንፋስ ጄኔሬተር ልገዛ ተነሳሁ። "እሺ፣ ከገዛህ ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት አትይ፣ በ10 ኖት (በሰአት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ) ንፋስ ስንት እንደሚሰጥ ጠይቅ፣ ደሞ ባለ ሶስት ክንፉ ይጮኻል፣ ክንፉ በዛ ያለውን ውሰድ" አለኝ። እኔ ግን 400 ዋት የሚል ሳይ ልቤ ቀለጠ፣ ያገለገለ ባለ ሶስት ክንፍ በርካሽ አግኝቼ ጀልባዋ ኋላ ምሰሶ ላይ በቡሎን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ከምሰሶው እግር ስር ጎማ ይደረጋል ይላል መመሪያው፣ ማቆሚያ ማብሪያ ማጥፊያም ይገጠማል ይላል፣ እኔ ሁለቱንም ሌላ ቀን ብዬ ተውኳቸው።

ለካ 400 ዋቱ የሚመጣው ንፋሱ በሰአት 45 ኪሎ ሜትር ሲሆን ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ በግማሽ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር፣ የለም፣ ወደ አንድ ስምንተኛ ነው ዝቅ የሚለው! በ10 ኖት 30 ዋት ካገኘሁ ተመስገን ነው። ደሞ መልህቅ የሚጣለው ንፋስ የማይገባበት ቦታ ተመርጦ አይደል እንዴ፣ ይሄን ሳስበው ነው በራሴ የሳቅኩት። ንፋስ ሲመጣ ደግሞ ጎማ ስለሌለው ጩኸቱ በምሰሶው ወርዶ ትራሴ ስር ይገባል፣ ወፍጮ ቤት ያደርኩ ነው የሚመስለኝ። ማሪና ውስጥማ ጎረቤት ስላማረረ ክንፉን በገመድ አስሬ ተውኩት።

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣችና ጀልባውን ልየው አለች። ገና እንደገባች ወደ ላይ አንጋጣ "ይሄ ምንድነው?" አለች፣ መብራት ይሰጣል አልኳት፣ "እንጀራ ይጋግራል?" እዚህ አሜሪካ የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ 1500 ዋት ገደማ ነው የሚፈልገው፣ በ30 ዋት ሂሳቡን ስሰራው ለአንድ ሰአት ጋገራ 50 ሰአት ንፋስ ማጠራቀም ሊኖርብኝ ነው። "ያን ጊዜ ሊጡ የት ይደርሳል" ብላ ተወችኝ።

በነጋታው የጥቅምት መጨረሻ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። እኔ ታች ቡና ላይ ነኝ። እማዬ ለእሁድ ቅዳሴ የምትለብሳትን ነጠላ አጥባ ማስጫ ስትፈልግ ያቺ ክንፉ የታሰረባት ገመድ አይኗ ውስጥ ገባች፣ "ጥሩ ገመድ ያለ ስራ ታስሮ" ብላ ፈታችው፣ ከምሰሶው እስከ ሸራው ምሰሶ ሽቦ ድረስ ወጥራ ነጠላዋን አሰጣችው። ጥቅምት ነው እኮ፣ እኛ አገር ልብስ ባንድ ሰአት ነው የሚደርቀው። እዚህ ግን ቀትር ላይ ከደቡብ ያ ንፋስ መጣ።

መጀመሪያ ጉርርር የሚል ሰማሁ፣ ከዛ ጀልባዋ በሙሉ መንቀጥቀጥ፣ ሲኒው ወረደ። ወጥቼ ሳይ የነጠላው ጫፍ ክንፉ ውስጥ ገብቶ ግማሹ መሀሉ ላይ ተጠቅልሏል ግማሹ አየር ላይ እስክስታ ይመታል፣ እማዬ "በስመአብ! በስመአብ!" ትላለች። እኔ ብልጡ መብራት ነው አይደል ብዬ ሮጬ የጄኔሬተሩን ሽቦ ከባትሪው ነቀልኩት። ባሰበት! ለካ ባትሪው ነው ጭነት ሆኖ የሚይዘው፣ ስነቅለው እንደተፈታ ጥጃ ሆነ። ሽማግሌው በውስጥ ሱሪ ብቻ ዘሎ መጣና "ሁለቱን ሽቦ አገናኛቸው!" ብሎ ጮኸ፣ ሳገናኛቸው ሞተሩ ራሱን በራሱ ያዘውና እየደከመ ሄደ፣ እሱም በረጅም እንጨት ጅራቱን ገፍቶ ፊቱን ከንፋሱ አዞረው። ያ የቀረው ማብሪያ ማጥፊያ ይቺን ነበር የሚሰራው፣ እንግዲህ ዋጋው ከአንድ ነጠላ ያንሳል።

ነጠላው ለሁለት ተቀዷል፣ ጥለቱ ያለበት ግማሽ የሽማግሌው ምሰሶ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ ይውለበለባል። "ባንዲራችሁ ነው?" አለኝ። ምን ልበለው።

ሲፈታ አንዱ ክንፍ ጫፉ ተሸርፏል፣ አንዱን ብቻ መቀየር አይቻልም፣ ክብደቱ ከሌሎቹ ከተለየ እንደገና ይንቀጠቀጣል፣ ሶስቱንም ገዝቼ በእህቴ የኩሽና ሚዛን አንድ በአንድ መዘንኳቸው። ኩሽኔታውም ተቀየረ፣ ጎማውም ማጥፊያውም ተገጠመ። ዘንጉ ላይ የተጠቀለለውን ክር በወረንጦ ስለቅም ሁለት ሰአት ፈጀብኝ፣ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየችና "አንተ ልጅ፣ እንዝርት ነው እንዴ የገዛኸው?" አለች።

እህቴ ቤት አሁን ስሙ እንዝርት ነው። ደውለው እኔን ሳይሆን እሱን ነው ደህና ነው ወይ የሚሉት።